አሥራ ስምንት ሳይሞላት፦ ከአሰላ እስከ አሳይታ

ከአፋር ከተመለስን ወዲህ የሰፈሬ ሰው ሱቄ በር ላይ እየቆመ «እንዴት ነበር?» ይለኛል። «ይሞቃል» እላለሁና ወደ ስፌት መኪናዬ እመለሳለሁ። ሰው ግን በዚህ አይለቅም። ግመል አየህ ወይ፣ ጨው ሜዳውን አየህ ወይ ይላል። ግመል አይቻለሁ፤ ጨው አላየሁም። ያየሁትን አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው ይህን የማሰፍረው። ብዙዎቻችሁ እዚያ አትሄዱም፤ እኔም ባልቸገር ኖሮ ከአሰላ ብርድ ንቅንቅ አልልም ነበር።

የቸገረኝ ይህ ነው። ሜሮን የእህቴ የአልማዝ ልጅ ናት። አልማዝ ድሮ አሳይታ መምህርት ነበረች፤ ሜሮንንም የወለደቻት እዚያ ነው። ባሏ ታደሰ ሎጊያ መካኒክ ነበር፤ ልጅቷ ሁለት ዓመት ሳይሞላት ታሞ ደሴ ሆስፒታል አረፈ። አልማዝ ልጇን አሰላ አምጥታ ለእኔና ለባለቤቴ ሰጠችንና በሱዳን፣ በሊቢያ፣ በባሕር አድርጋ ጀርመን ገባች። ሜሮን ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። በዓመቱ ትምህርት ቤት ላስገባት ስወስዳት መዝጋቢዋ «የአባት ስም?» አለችኝ። «ግርማ» አልኩ። ግርማ እኔ ነኝ። «ዕድሜ?» አለች። ሰባት ያልሞላው አይገባም ስለተባለ በስድስቱ ላይ አንድ ጨመርኩ። ሁለቱም ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እኛ ዘንድ ይህን ማንም ውሸት አይለውም፤ ያሳደገ ሁሉ «ልጄ» ይላል፣ ዕድሜም እንደ ሱሪ እግር ይረዝማል፣ ያጥራል።

ጀርመኖች ግን እንዲህ አያውቁም። አልማዝ የመኖሪያ ፈቃዷን ያገኘችው ዘግይታ ነው፤ ልጇን ለመውሰድ ደግሞ ማመልከቻው ልጅቷ አሥራ ስምንት ሳይሞላት መግባት አለበት። ሜሮን በእውነተኛው ልደቷ አሥራ ስምንት የሚሞላት ዘንድሮ ሐምሌ ሃያ ሰባት ነው። በእኔ ወረቀት ግን አምና ሞልቷታል፤ በዚያ ላይ የእኔ ልጅ ናት። ስለዚህ ከተወለደችበት ከተማ እውነተኛ የልደት ምስክር ወረቀት ማምጣት ግድ ሆነ። ሰኞ አዲስ አበባ የፓስፖርት ቀጠሮ አላት፣ ሐምሌ ሰባት የኤምባሲ። በሰኔ አጋማሽ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰኞ እስኪመጣ ስድስት ቀን ሲቀር፣ ሁለታችን ተነሣን። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ሐሰት ግን በአሥራ ሁለት ዓመቱ ድንጋይ ሆኖ ጫንቃዬ ላይ ተቀምጧል።

ማክሰኞ

ከአሰላ ስንወጣ ጭቃና ጉም ነበር፤ የጋሪ ፈረሶቹ አፍንጫ ይጨሳል። እኔ ካፖርት ለብሻለሁ። አዳማ ስንደርስ ካፖርቱን አወለቅሁ፣ መተሐራ ሹራቤን፤ አዋሽ ሰባት ስንወርድ የሸሚዜ ቁልፍ ተከፍቶ ነበር። ሜሮን ሳቀች። «አባዬ፣ ሰመራ ስንደርስ ምን ይቀርሃል?» አለች። ከቤት ከወጣን የሳቀችው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ወደ ሰመራ የሚሄደው አውቶቡስ አልፎ ነበር። የሚቀጥለው ነገ ነው፣ እሱም ቦታ መኖሩ አይታወቅም። ንዴቴ ጆሮዬ ላይ ወጣ፤ አንድ ቀን እንደዋዛ ሄደብኝ። ካፖርቴን በክንዴ አንጠልጥዬ መናኸሪያው በር ላይ እየተሳደብኩ ሳለ አንዲት ወፍራም ሴት «የደጋ ሰው፣ ፀሐይ ላይ ቆመህ ብትሳደብ ማን ይሰማሃል? ግባ ጥላ ውስጥ ተሳደብ» አሉኝ። እትዬ ዘነቡ ይባላሉ፤ ከባቡር ጣቢያው ማዶ አልጋ ያከራያሉ። ለእኛ ያወጡልን ከራሳቸው ማቀዝቀዣ ውኃ ነው። አሰላ እንግዳ ሲመጣ እሳት እናቀርባለን፤ አዋሽ በረዶ ይቀርባል። አንሶላውን ውኃ ውስጥ ነክረው ጨምቀው «ይህን ለብሳችሁ ተኙ» ሲሉ ሰው የሚታመም መስሎኝ ነበር። ለካ ያለዚያ እንቅልፍ የለም።

ራት ላይ የመጣንበትን ነገርኳቸው። እትዬ ዘነቡ ልጃቸው ካናዳ ነው።

«የእኔ ልጅ በነጥብ ነው የገባው» አሉ። «ለትምህርቱ ነጥብ፣ ለእንግሊዝኛው ነጥብ፣ ለዕድሜው ነጥብ። እንደ ማትሪክ በለው። ሁለት ጊዜ ጎድሎበት በሦስተኛው አለፈ።»

«ልጆቹንስ ወሰደ?»

«አብረው ገቡ። እዚያ ልጅ ሃያ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ልጅ ነው አሉ።»

አልማዝ ካናዳ ደርሳ ቢሆን ኖሮ አራት ዓመት ይተርፈን ነበር ማለት ነው። አንዲት ልጅ ካናዳ ልጅ ናት፣ ጀርመን ደግሞ በአንድ ሌሊት ታረጃለች። ልብስ ሰፊ ነኝና መለኪያ የሚለያይ ሜትር ሳይ ደሜ ይፈላል። እትዬ ዘነቡ ግን ፊቴን አይተው ወሬውን ቀየሩ። ጠዋት የአልጋውን አልቀበልም አሉ፤ «ስትመለሱ ትከፍሉኛላችሁ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ» ብለው ሸኙን።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ሙሉ ሆኖ መጣ፤ ሳይቆም አለፈ። እትዬ ዘነቡ ደንበኛቸው የሆነ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ለምነው ተሳቢው መኪና ጋቢና ውስጥ አስገቡን። አብዱ ይባላል፤ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፣ ሃያ ዓመት በዚህ መንገድ ተመላልሷል። «ጋሼ፣ ግቡ አቦ፤ የኔ እናት አንቺም ግቢ፣ እግርሽን እዛ አድርጊ» አለን። ፍጥነት የለውም። አዋሽ አርባን፣ ገዋኔን ስናልፍ ከእኔ ሰዓት በቀር የሚሮጥ ነገር አልነበረም። ወንዙ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ ከእሱ ወዲህ ያለው ሁሉ ጥቁር ድንጋይና እሾህ ነው። እኛ አገር ዓይን የሚያርፍበት ገብስ አለ። እዚህ ዓይኔ ማረፊያ አጥቶ ተመልሶ የሜሮን ወረቀቶች ያሉበት ፋይል ላይ ይወድቅ ነበር። ፋይሉን ጭኔ ላይ አቅፌዋለሁ።

አብዱ ስለ ውጭ አገር ያልሰማው የለም። ሾፌር ሁሉ እንዲህ ነው አለ፤ አንዱ የጫነውን ወሬ ሌላው ያራግፈዋል።

«አሜሪካ ዕጣ ነው» አለ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ። «አሥራ አምስት ጊዜ ሞልቻለሁ፣ ወላሂ። ዕጣ ያልወጣለት ደግሞ ሥጋ ዘመድ ይጠይቃል። የወንድሜን ሚስት እኅቷ ካመለከተችላት አሥራ አራት ዓመቷ፤ ያኔ የታቀፈችው ልጅ አሁን ጢም አውጥቷል። ሳውዲስ? ልጄ እዚያ ናት። በኮንትራት ሄደች፣ በሕጋዊ መንገድ። መግባቱ ቀላል ነው የኔ እናት፣ ግን የምትወጪውም የምትገቢውም በአሠሪሽ ነው። ሃያ ዓመት ብትሠሪ የእነሱ አትሆኚም።»

«ጅቡቲስ?» አለች ሜሮን።

«ጅቡቲማ ወደቡ ድረስ ነኝ። ሃያ ዓመት ዳቦዋን በልቻለሁ፤ አንድ ቀን ከፈቃዴ ባልፍ እንደማያውቁኝ ይሆናሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «ጀርመን ግን ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ወረቀት ነው ይላሉ። ሰውዬው ፊታቸው ቆሞ ወረቀቱን ነው የሚያምኑት።»

ከገዋኔ ወዲያ በመንገዱ ዳር የሚሄዱ ልጆች አየን። ስድስት ሰባት ይሆናሉ፤ የውኃ ጠርሙስ በገመድ አንጠልጥለው ነጠላ ጫማ አድርገው በዚያ ፀሐይ ይሄዳሉ። ወደ ጅቡቲ ጠረፍ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን። አብዱ ፍጥነቱን ቀንሶ አንድ ጀሪካን ውኃ በመስኮት ሰጣቸው። ማሳፈር ክልክል ነው። ከሜሮን የሚያንሱ አሉባቸው።

«እነዚህን ማን ወረቀት ይጠይቃቸዋል?» አልኩ።

«ባሕሩ ነው የሚጠይቃቸው» አለ አብዱ።

ሚሌ ከመድረሳችን በፊት ኬላ ላይ አስቆሙን። ፖሊሱ በዕድሜ ገፋ ያለ፣ ፊቱ የደረቀ ሰው ነው። ጋቢናው ውስጥ ወጣት ሴት ልጅ ሲያይ ዓይኑ ጠበበ። «ውረዱ» አለ። እኔን በአንድ በኩል፣ ሜሮንን በሌላ በኩል አቆመን። መጀመሪያ እኔን ጠየቀኝ፤ «ልጅቷ ምንህ ናት?»

ፋይሉ ውስጥ ያለው፣ አልማዝ ጽፋ የላከችው ቃል አጎቷ ነኝ ይላል። እሱን አስቤ «የእህቴ ልጅ» አልኩ። ሄዶ እሷን ጠየቃት። «አባቴ ነው» አለች። ተመልሶ መጣ። ጥርሱን ነክሷል።

«አባት፣ ይህ መንገድ የደላላ መንገድ ነው። በየሳምንቱ እንደ እሷ ያሉትን ከዚህ እመልሳለሁ። አንዱ አጎቴ ነው ይላል፣ አንዷ አባቴ ነው ትላለች፤ ስንመረምር ሁለቱም ውሸት ይሆናል።»

«የእኛ ሁለቱም እውነት ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ባልጮኽ ይሻል ነበር። አብዱ ለመናገር ሲሞክር ዝም በል ተባለ። ፋይሉን ዘርግቼ አሳየሁት፤ የትምህርት ቤቱ ወረቀት ሜሮን ግርማ ይላል፣ የአልማዝ ቃል ሜሮን ታደሰ። ራሴ ያቀረብኩት ማስረጃ ራሴን ወጋኝ። ዛሬ እዚህ ከዋልን ሐሙስ የለም፣ ሐሙስ ከሌለ ሰኞ የለም።

ሜሮን ናት ያዳነችን። «እናቴን ልደውልላት?» አለች ረጋ ብላ። ፖሊሱ ራሱ ስልኩን ተቀበለ። አልማዝ የምትሠራው የአረጋውያን ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ነው፤ ነጭ ቆብ አድርጋ በስልኩ መስታወት ላይ ብቅ አለች። ፖሊስ ስታይ ጮኸች። «ይህች ልጅ ምንሽ ናት?» አላት። «ልጄ! ምን ሆነች?» «ይህ ሰውዬስ?» «ወንድሜ ነው፣ እሱ ነው ያሳደጋት፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ ልቀቃቸው» እያለች አለቀሰች። ፖሊሱ ስልኩን ለሜሮን መለሰ። ከዚያ ከራሱ ኮዳ ውኃ ቀድቶ ሰጠኝ። «አትቀየሙኝ አባት» አለ። «ባላቆማችሁ ነበር መቀየም።» እውነቱን ነው። እዚያው ቆሜ ግን ልመርቀው አፌ አልታዘዘኝም።

ሎጊያ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ከተማው መኪናና ጋራዥ ነው። ሜሮን «አባቴ የሠራው የትኛው ጋራዥ ውስጥ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም። ይህን ሳላውቅ አሥራ ሁለት ዓመት ኖርኩ። ዓሣ የሚጠብስ የመን ሰው ቤት በላን፤ የአገሩ ጦርነት ሲጀመር ሸሽቶ የመጣ ነው። እዚህ መግባት ከባድ ነበር ወይ አልኩት። በተሰባበረ አማርኛ «መግባት ቀላል፤ ማንም አልከለከለኝም» አለ። «ግን ሱቄ በሌላ ሰው ስም፣ ስልኬ በሌላ ሰው ስም። ገብቻለሁ፣ ገና አልገባሁም።» ስለ ሌላው አገር ስማረር የእኛን ረስቼው ነበር። ዓሣውን ሁለተኛ ጊዜ ጨምሮልን እንግዳ ናችሁ አለና ሳቀ።

ሐሙስ

በማለዳ ሚኒባስ አሳይታ ገባን። ቴምር ዛፍ፣ የሰሌን ጎጆ፣ ከቤት ውጭ የተዘረጋ የገመድ አልጋ። እኛ አገር አልጋ ደጅ ከወጣ ሰው ሞቷል ማለት ነው፤ እዚህ ሰው የሚተኛው ደጅ ነው። የምንፈልገው ሐሊማ የምትባል ሴት ናት። ሜሮን የተወለደች ዕለት አዋሽ ሞልቶ ወደ ጤና ጣቢያ መሄጃ ጠፍቶ ነበር አሉ፤ ጎረቤቷ ሐሊማ ናት ያዋለደቻት። ስልኳን አልማዝ አታውቅም። መኖሯንም አናውቅም።

ሚኒባሱ ጋ አንድ አፋር ሽማግሌ ሰላምታውን አስረዝሞ ከየት እንደመጣን፣ መንገዱ እንዴት እንደሆነ፣ ዝናብ የት እንዳየን፣ ማንን እንደምንፈልግ ጠየቀኝ። ቸኩያለሁና እንደነገሩ መለስኩለት። ለሽማግሌው የነገርኩት ከአፍ አፍ ዞሮ ኖሮ፣ ሻያችንን ሳንጨርስ ጥቁር ሻሽ የጠመጠመች ቀጭን ሴት ከፊታችን ቆማ ሜሮንን አየቻት። አገጯን በሁለት ጣቷ ያዘችና ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዞረቻት።

«የመምህርቷ ልጅ» አለች። «ጆሮዋ የታደሰ ነው።»

እቅፍ አድርጋ ሳመቻት፤ ሜሮን ማልቀስ ጀመረች፣ እኔም ተከተልኳት። ሐሊማ ቤቷ ወስዳን የፍየል ወተትና ትኩስ ቂጣ ሰጠችን። እየበላን ሳለ የራሷን አጫወተችን፤ ልጇ ጅቡቲ፣ ዲኪል አግብታለች። «ድሮ በእግር እንሄዳለን፣ ዘመድ ቤት ነው። አሁን ወረቀት። ልጄ ስትወልድ ወረቀት ስፈልግ ልጁ ጥርስ አወጣ» አለች። ከሁሉም አገር የእሷ የቀረበ ነበር፤ ቢሆንም ሩቅ ነው።

የልደት ምዝገባ ቢሮው የሚከፈተው እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሙቀቱ ይዘጋዋል፣ ዘጠኝ ተኩል ይመለሳሉ። በመንገድ ላይ ወደ ሐሊማ ተጠግቼ በጆሮዋ «እናቴ፣ ሲጠይቁሽ ሐምሌ ሃያ ሰባት፣ ዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት በይ» አልኳት።

ቆመች። «ሐምሌ የናንተ ነው፣ እኔ አላውቅም። ያላየሁትን አልልም።»

«እውነት'ኮ ነው!»

«ላንተ እውነት ነው። እኔ ያየሁትን ነው የምናገረው። እዚህ አገር ያላየውን ያወራ ሰው ሁለተኛ ወሬው አይሰማም።»

ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ቀኑን ለማታውቅ ምስክር ነው ማለት ነው። በውስጤ ተቆጣኋት፣ ከዚያ ራሴን ተቆጣሁ፤ በውሸት የመጣ ሰው እውነት የምትናገር ሴት ላይ ምን ያስቆጣዋል?

ቢሮው ስንደርስ ሐሊማ ያስጠራቻቸው ሌሎቹ ሁለት ምስክሮች፣ የሐሊማ ወንድምና የአልማዝ የድሮ ባልደረባ፣ የእናትና አባቷን ጋብቻ አረጋገጡ። የቀረው ቀኑ ነው። የመዝገብ ሹሙ ወጣት አፋር ነው። ሐሊማን አስማላትና ጠየቃት።

«መቼ ተወለደች?»

«አዋሽ የሞላ ጊዜ።»

«አዋሽ በየዓመቱ ይሞላል፣ እናቴ።»

ሰዓቱ አምስት ተኩል ሆኗል። አፌን ልከፍት ስል ወጣቱ በጣቱ ከለከለኝ። «አንተ አትናገር። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ዘጠና ስምንት ይላል፤ እሷ ሌላ ካላለች እሱን ነው የምጽፈው።» ሜሮን እጄን ይዛለች፤ እጇ በዚያ ሙቀት በረዶ ነው። ዘጠና ስምንት ከተጻፈ ሁሉም ነገር እዚያው አለቀ። ሐሊማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ልጅቷ አርባ ቀን የሞላት ቀን» አለች ቀስ ብላ፤ «የነዚህ እንቁጣጣሽ ነበር። መምህርቷ ዳቦ ላከችልኝ። በላሁ። ማታ ጨረቃ ታየች። በማግስቱ መጥታ ዳቦው እንዴት ነበር ስትለኝ፣ ዛሬ ብትልኪው ኖሮ አልበላውም ነበር፣ ጾም ገብቷል አልኳት። ሳቅን። እሷ ሕፃኗን አቅፋ፣ እኔ ረመዳን ይዤ።»

ወጣቱ ብዕሩን አስቀመጠ። «ረመዳን በእንቁጣጣሽ ማግስት ገባ?»

«በማግስቱ። ወላሂ።»

ስልኩን አውጥቶ የቀን መቁጠሪያ ከፈተ። «በዘጠና ስምንት ብትወለድ» አለ ለራሱ፤ «ረመዳን የገባው ከእንቁጣጣሽ ሁለት ሳምንት ያህል በኋላ ነው። አይሆንም።» ወደ ታች ጎተተ። «ከሚሊኒየሙ በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ረመዳን ከእንቁጣጣሽ ቀድሟል። አይሆንም። በማግስቱ የገባው የሚሊኒየሙ ጊዜ ብቻ ነው።» ከዚያ በጣቱ ጳጉሜን፣ ነሐሴን ወደ ኋላ ቆጠረና ቀና አለ።

«አርባ ቀን ወደ ኋላ። ሐምሌ ሃያ ሰባት፣ ዘጠና ዘጠኝ።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ማንም አልሳቀብኝም። እኔ በጆሮዋ ያቀበልኳትን ቀን ሐሊማ ሳትነካው፣ በዳቦና በጨረቃ አወጣችው። እጇን ልስም ስል ነጠቀችኝ። «ምን ሠራሁ? ያየሁትን ተናገርኩ» አለች። ማታ ደጅ በዘረጋችልን አልጋ ላይ አደርን፤ ከአሰላ ወጥቼ እንቅልፍ የወሰደኝ እዚያ ነው።

ዓርብ

የአሳይታው ወረቀት ሰመራ ክልሉ ቢሮ ካልታተመበት አዲስ አበባ አይቀበለውም። አንድ ሰዓት ላይ ሰመራ ነበርን። ሰፊ መንገድ፣ ትልልቅ ሕንፃ፣ ጥላ የሌለው ከተማ። አሰላ ቢሮ በር ላይ ሰው ፀሐይ ፍለጋ ይሰለፋል፤ እዚህ የግንቡ ጥላ ሲዞር ሰልፉም አብሮ ይዞራል። ማኅተሙን የሚመታው ጸሐፊ ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ አራት ሆነ። አምስት ተኩል ላይ ለጁምዓ ሰላት ይዘጋል፤ ከሰዓት ማን እንደሚመለስ አይታወቅም፤ ከዚያ ቅዳሜ ነው።

አራት ተኩል ላይ ጸሐፊው መጣ፤ የደብረ ታቦር ልጅ ነው። የመጣንበትን ሲሰማ ሳቀ። «እኔ ከሰመራ ወደ ደብረ ታቦር ዝውውር ከጠየቅሁ አራተኛ ዓመቴ ነው። ካናዳን ሞክሬ ቢሆን ኖሮ ይኼኔ በረዶ እጠርግ ነበር» አለ። እኔ ለመሳቅ ሆድ አልነበረኝም። ወረቀቱን ከትምህርት ቤቱ ፋይል ጋር ሲያስተያይ ፊቱ ተለወጠ። «እዚህ ግርማ፣ እዚህ ታደሰ። በዚህ ብቻ አላትምም። ያስመዘገብከው አንተ ከሆንክ፣ ልጅህ አለመሆኗን በጽሑፍ አምነህ ፈርም» አለ። ደብዳቤው ተጻፈ፤ ሊዘጉ አምስት ደቂቃ ሲቀር ማኅተሙ ተመታ።

ቅዳሜና ከዚያ ወዲያ

ቅዳሜ በአውቶቡስ ተመለስን። አዋሽ እትዬ ዘነቡ ወረቀቱን ተቀብለው ማንበብ ባይችሉም ገልብጠው አዩት፤ የአልጋውንም ተቀበሉ። ሰኞ ሜሮን ለፓስፖርት አሻራ ሰጠች። ሐምሌ ሰባት ኤምባሲው ፋይሏን ተቀበለ፤ ሃያ ቀን ሲቀራት። መልሱ ገና አልመጣም። እናቷ ያለችበት ከተማ ብርድ ነው አሉ፤ ካፖርት እየሰፋሁላት ነው።

የዓርቡን አሳጥሬ ያለፍኩት ሆን ብዬ ነው። ሰው ሲጠይቀኝም እዚያ ስደርስ ስለ ሙቀቱ አወራለሁ። ግን ጽፌ ልገላገል ካልኩ ይህም መጻፍ አለበት።

ጸሐፊው ወረቀት ሰጥቶኝ በቃሉ ያጽፈኝ ጀመር። «እኔ አመልካች ሜሮንን በስሕተት ልጄ ብዬ ያስመዘገብኳት ስትሆን...» እጄ «በስሕተት» ላይ ቆመ። ቀለሙ ተንጠባጠበ፣ ወረቀቱን ቀደድኩት። ሁለተኛውንም ቀደድኩት። «ጋሼ፣ ሰዓት የለንም» አለ ጸሐፊው። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ወደ መስኮቱ ያይ ነበር። በሦስተኛው ወረቀት ብዕሩ ከጣቴ ወደቀ። ስለበረታ ሰው ስንት ጊዜ አውርቻለሁ፤ ያን ጊዜ ብርታቴ የት እንደገባ እንጃ።

ሜሮን ከወለሉ ብዕሩን አነሣች፤ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳበችና መጻፍ ጀመረች። ያቺን ጽሕፈት አውቃታለሁ፤ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። «በስሕተት» ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

«ይህ ቃል በሌላ አይለወጥም?» ብላ ጸሐፊውን ጠየቀችው። «እሱ'ኮ አልተሳሳተም።»

«እህቴ፣ ስሕተት ካልተባለ ማታለል ነው የሚባለው። ማታለል ደግሞ ያስከስሰዋል።»

ጻፈችው። እኔ አባቷ አለመሆኔን፣ እስከ ዛሬ በስሕተት አባት ተብዬ መመዝገቤን፣ ከእንግዲህ አባትነት እንደማልጠይቅ፣ አንዲት ፊደል ሳትሰርዝ እስከ መጨረሻው ጻፈችው። ሦስት ጊዜ አፍንጫዋን ሳበች እንጂ አላለቀሰችም። ከዚያ ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው፤ ብዕሩን ጣቶቼ መሐል አድርጋ እጄን በእጇ ከላይ ያዘችው።

«አባዬ» አለችኝ፤ «እዚህ ጋ ፈርም።»